አራተኛ ፎቅ ላይ የታመሙት ሁለት ነበሩ

ብርቱካኑን የምገዛው ቃሊቲ ነበር። እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁለት ኪሎ። ከዚያ በታክሲ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ አራት ፎቅ በእግር። በር ላይ ጫማዬን አወልቃለሁ። የእማዬን ግንባር እስማለሁ። ግራ እጇን ይዤ አንድ ሰዓት ያህል እቀመጥና «ዛሬማ ፊትሽ ወዝ አለው» እላታለሁ። እህቴ ቡና ታፈላለች። እጠጣለሁ። ስወጣ «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ደውዪልኝ» እላታለሁ። «እሺ» ትላለች።

ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ኖርኩ። ጥሩ ልጅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሰፈሩም እንደዚያ ይለኝ ነበር። ደረጃ ላይ የሚያገኙኝ እናቶች «ተባረክ፣ እናቱን የማይረሳ ልጅ» ይሉኛል። እህቴን እንዲህ ሲሏት ሰምቼ አላውቅም። እሷማ እዚያው ናት። ልርሳ ብትልስ በየት በኩል?

በነገራችን ላይ እማዬ ብርቱካን እንደማትበላ ያወቅኩት በኋላ ነው። ቀጭን ፈሳሽ ያንቃታል። ያን ሁሉ ብርቱካን የበሉት የጎረቤት ልጆች ናቸው። በቱሉ ዲምቱ ቫይታሚን ሲ የጠገበ ብሎክ ካለ የእኛ ነው።

ቤቱ የእማዬ ዕጣ ነው፣ 20/80። ስሟ የወጣ ቀን እልል ብለናል። አራተኛ ፎቅ መሆኑን ስንሰማ እንኳን አልከፋንም። «አየሩ ጥሩ ነው፣ ሌባም አይደርስም» ተባባልን። ሊፍት እንደሌለው እናውቃለን፤ ግን ያኔ እማዬ ከነዘንቢሏ ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ነበር የምትወጣው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በበጋ ያ ቀይ አቧራ በነፋስ እየተነሳ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል። የማይወጣው ውሃው ነው።

ጥር 2014፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እማዬን ስትሮክ መታት። የተመታው የአንጎሏ ግራ ክፍል ነበር። ግራው አንጎል የሚያዘው ቀኙን ጎን ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ንግግርንም የሚይዘው እሱ ነው። ስለዚህ ቀኝ እጇ፣ ቀኝ እግሯና አንደበቷ በአንድ ሌሊት ሄዱ። ሦስት ቃላት ቀሩላት። «እሺ»፣ «እንቢ»፣ እና ለምን እንደሆነ ለማንም ያልገባን «ሐሙስ»። ደስ ሲላት «ሐሙስ» ነው። ሲከፋትም «ሐሙስ»። ስማችንም «ሐሙስ» ሆነ። እህቴ ከድምፁ ትለየዋለች። እኔ እስከዚያ ድረስ አልችልም ነበር።

ከሆስፒታል ስትወጣ በስልክ ተሰበሰብን። ውጭ ያለው ታላቅ ወንድማችን ገንዘብ እልካለሁ አለ፤ ቃሉን አላጠፈም። እኔ ሥራ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉኝ። እህቴ አላገባችም። ማንም «አንቺ ያዢያት» አላላትም። ማንም ሌላ ነገርም አላለም። በዚያ ዝም ባልንበት ጊዜ ነገሩ አለቀ። የቤተሰብ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወላጅና ልጅ አንዱ ለሌላው ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው ይላል። ወንድ ሴት፣ ያገባ ያላገባ ብሎ አይለይም። ስልኩ ላይ ግን ሕግ የጠቀሰ አልነበረም።

እህቴ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። «ለትንሽ ጊዜ ነው» ብላ ለቀቀች። ስምንት ዓመት አገልግላለች። ከደመወዟ 7 በመቶ፣ ከቀጣሪዋ 11 በመቶ ለጡረታ ሲገባላት ቆይቷል። ለጡረታ አበል ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ይኼን ስንት ሰው ያስበዋል? የእናቷን እርጅና ተሸክማ የራሷን እርጅና ሁለት ዓመት ሲቀረው በር ላይ ጥላው ወጣች። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሜ ማየት ሥራዬ ነው። አላየሁትም።

«አስታማሚ» የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ውስጡ «ታመመ» አለ። የሰዋስው ሰዎች ሌላ ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ቃሉ ከእኛ በፊት ያወቀው ነገር ያለ ይመስለኛል።

ሕመምተኛ መጠየቅ የምንችልበት ሕዝብ ነን፤ በዚህ አልከራከርም። ጠያቂ ግን ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል። እህቴ አንዳንድ ቅዳሜ አራት ጊዜ አፍልታለች። ጠያቂው እማዬን ያይና ከንፈሩን ይመጣል፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላል። ቀጥሎ ወደ እህቴ ይዞራል። «አይዞሽ፣ ጽድቅ ነው። የእናት ምርቃት ታተርፊያለሽ።» ከልቡ ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን አፍ ያስይዛል። ጽድቅ ነው ለተባለ ሰው «ወገቤ ሊቆረጥ ነው» ማለት ይከብዳል። «ሰለቸኝ» ማለትማ አይታሰብም። ከዚያ ጠያቂው ይሄዳል፣ ስኒው ይታጠባል፣ አንሶላው ይቀየራል።

ሰኔ 2016፣ ረቡዕ ቀን፣ የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ደወለችልኝ። እህቴ ጀሪካን ይዛ ስትወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወድቃለች። ስደርስ ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ነበረች። ግፊቷ 190 በ 115።

«መድኃኒት ትወስጂያለሽ?» አለቻት ነርሷ።

«ግፊት የለብኝም እኮ።»

«ተለክተሽ ታውቂያለሽ?»

እህቴ መልስ አልሰጠችም።

ቤት ውስጥ የግፊት መለኪያ አለ። ወንድማችን የላከው ነው፣ ጥሩ ዓይነት፣ በባትሪ የሚሠራ። እህቴ ጠዋትና ማታ እማዬን ትለካና በደብተር ትጽፋለች። ያን ማታ ደብተሩን ገለጥኩት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ላይኛው ቁጥር፣ ታችኛው ቁጥር፣ በዚያ ቀጥ ባለ የአስተማሪ ጽሕፈት። ሁለት ዓመት ተኩል። አንድም ቀን አልተዘለለም። የእሷ ክንድ ግን አንድም ገጽ ላይ የለም። መለኪያው የእማዬ ነበር።

ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላትና «ከሁሉም በላይ ረፍት» አላት። አክስታችን ያለማመንታት ቢሾፍቱ ወሰደቻት። ሄዳ 19 ቀን ቆየች። እኔ ልብሴን በፌስታል ይዤ አራተኛ ፎቅ ገባሁ።

እህቴ ወረቀት ትታልኝ ነበር። «4 ሰዓት በግራ። 6 ሰዓት በጀርባ። 8 ሰዓት በቀኝ፣ ትከሻዋን እንዳትጫነው። 10 ሰዓት በግራ።» መጀመሪያ የመድኃኒት ሰዓት መስሎኝ ነበር። የማገላበጫ ሰዓት ነው፣ የሌሊት። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ከቆየ፣ አጥንቱና ፍራሹ መሐል ያለው ሥጋ ይጨመቃል። ደም አይደርሰውም። ቆዳው ይቀላል፣ ከዚያ ይቆስላል፣ ያ ቁስል ደግሞ በቀላሉ አይድንም። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ጉልበቶቹ መሐል ትራስ ይገባል፤ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከፍ ይደረጋል። እማዬ አንድም የአልጋ ቁስል የለባትም። እሑድ እሑድ ስመጣ «ቆዳሽማ እንዴት ያምራል» እላት ነበር። ያ ቆዳ በምን እንዳማረ የገባኝ በሦስተኛው ሌሊት፣ 8 ሰዓት ላይ፣ ቆሜ እያንቀላፋሁ ነው። እህቴ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ አልተኛችም ማለት ነው።

ሰውነት ማጠቡ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጠዋት ሳፋውን ይዤ ስቀርብ እማዬ በግራ እጇ ጋቢዋን ጨምድዳ ያዘች። «እንቢ።» ወንድ ልጇ ነኝ። ምን ልበላት? ቁልቁል ወርጄ ጎረቤታችንን ጠራኋት። እሷ ናት አንሶላውን ሳይገልጡ ማጠብን ያሳየችኝ። አንድ እጅ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይሸፈናል፤ ከዚያ ሌላው። በአምስተኛው ቀን እማዬ ፈቀደችልኝ። እኔም እሷም መስኮቱን እያየን አጠብኳት። በመስኮቱ የሚታየው ወደ አዳማ የሚሄደው የፍጥነት መንገድ ነው። እንደዚያ ቀን መኪና ቆጥሬ አላውቅም።

ምግቡም የራሱ ትምህርት አለው። አጥሚት ሲወርድላት ውሃ ያንቃታል። እኔ ውሃ የሚቀል ነበር የሚመስለኝ። ለካ ለተዳከመ ጉሮሮ ቀጭኑ ነው የሚያስቸግረው፣ ቶሎ ስለሚሮጥ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ በትንሽ ማንኪያ መስጠት፣ ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት አለማስተኛት። አንድ ቁርስ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ረቡዕ ቀን ወተት ሳቀርብላት «እንቢ» አለችኝ። አንደበቷ ሲሄድ ጾሟ አልሄደም። «ለታመመ ተፈቅዷል እኮ» አልኳት። «ሐሙስ» አለችኝ። እስከ ሐሙስ ጠብቅ ለማለት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዘጠነኛው ቀን ጮህኩባት። መድኃኒቷን ሦስተኛ ጊዜ ተፋችው። «ምን ላድርግሽ!» አልኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። እሷ አለቀሰች፣ ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች። ስትሮክ እንዲህ ያደርጋል፤ ሳቁም ለቅሶውም ልጓም ያጣል። ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከበሩ ጀርባ አንዲት በርጩማ አለች። ምድጃው ጋ አትደርስም፣ ሽንኩርት ለመክተፍም ዝቅ ትላለች። ላይዋ ላይ የታጠፈ አሮጌ ሹራብ ተደርጎባታል፣ ብዙ የተቀመጡበት። ተቀመጥኩባት። እህቴ ለምን እንዳስቀመጠቻት መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የሥራ ፈቃዴን ነገር ልንገራችሁ። ቢሮ ደውዬ ሁኔታውን ሳስረዳ የሰው ኃይል ባልደረባዬ አዘነልኝ። «የዓመት ፈቃድህን እንጠቀም» አለ። ሌላስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ራሴ አነበብኩት። እናት ብትሞት ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዝ ይሰጣል። ለከባድና ድንገተኛ ችግር እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ያለ ደመወዝ። ወላጅ ለማስታመም ተብሎ የተለየ ደመወዝ ያለው ፈቃድ አላገኘሁም። ባልደረባዬ እንደ ቀልድ «ለሐዘን ቢሆን ወረቀቱ ቀላል ነበር» አለኝ። ቀልዱ አልከፋኝም፤ እውነቱን ነው።

በ11ኛው ቀን እማዬ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። አራት ፎቅ እንዴት ትውረድ? እድራችን ቃሬዛ እንዳለው አስታወስኩ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ጋሼ ጋ ሄጄ ቁልፍ ጠየቅኩ። «ማን ሞተ?» አሉኝ ደንግጠው። «ማንም። እናቴን ሐኪም ቤት ላደርሳት ነው።» ጋሼ አማተቡ። «በቁሟ? ልጄ፣ ሟርት ነው! በቁም ሰው አይወጣበትም!» አልሰጡኝም። እማዬን በእንጨት ወንበር አስቀምጠን፣ በነጠላ ከወንበሩ ጋር አስረን፣ አራት ጎረምሶች ተሸክመው አወረዷት። አንዱ ከታክሲ ተራ የመጣ ልጅ ነው፤ ስሙን እንኳን አላውቀውም ነበር። በየፎቁ እያረፉ፣ «እማማ ያዙኝ፣ አይፍሩ» እያሉ። እሷ «ሐሙስ፣ ሐሙስ» ትላለች። እኔ ከኋላ ጫማዋን ይዤ ነበር።

በዋዜማው ሞታ ቢሆን ኖሮ እኮ ጥሩምባው በሌሊት ይነፋ ነበር። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ቃሬዛው ሁሉ ይወጣል። ሴቶቹ በተራ ይጋግራሉ፣ ወንዶቹ ሦስት ቀን ያድራሉ። ማንም «የሚያስፈልግህ ካለ ደውል» አይለኝም። ሁሉም ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ሥርዓት አለው። ለረጅም ሕመም ግን ሥርዓት የለንም። ደግነት አለን፣ ጥሪ አለን፣ ከንፈር መምጠጥ አለን። ተራ የለንም። እድርን ለማማት አይደለም፤ እድር ባይኖር እኛን ማን ይቀብረን ነበር? ያንኑ ብልሃት ሰው በሕይወት እያለ የማንጠቀምበት ነገር ነው የሚገርመኝ።

በወሩ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና ይኼንኑ ተናገርኩ፤ ትንሽ አብዝቼዋለሁም። የእድሩ ዳኛ በትዕግሥት ሰሙኝ። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ መተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ግን የለም። ገንዘቡም የቀብር ነው» አሉ። አንድ ሽማግሌ «ለእናቱ ደመወዝ ሊጠይቅ ነው እንዴ?» ብለው ሰውን አሳቁ። ነገሩ በዚያ ተዘጋ። ስወጣ ግን ሦስት ሴቶች በር ላይ ያዙኝ። አንዷ የሁለተኛ ፎቋ ናት። «ደንብ ምን ያደርግልሃል? ማክሰኞ የኔ ነው» አለችኝ። ሌላዋ «ሐሙስን ለኔ» ስትል ሁላችንም ሳቅን።

«መቄዶንያ ለምን አታስገቧትም?» ያሉኝም አሉ። የሚሠሩትን ሥራ የማያከብር ሰው የለም። ግን እዚያ ያለው ቦታ ጧሪ ቀባሪ ላጣ ሰው ነው። እማዬ ጧሪ አላት። ችግሩ አንድ ብቻ መሆኗ ነው። ጭራሽ ሰው የሌለውን ሰው ዓይናችን ያያል። አንድ ሰው ብቻ ያለው ግን አንድ አለው ተብሎ ይታለፋል።

እህቴ ከቢሾፍቱ ስትመለስ ፊቷ ተለውጦ ነበር። ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ለማንም ያልነገረችውን ነገረችኝ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቷ «አባ፣ አንዳንዴ እንዲያልቅ እመኛለሁ» ብላቸዋለች። ሰማይ የሚደፋባት መስሏት ነበር። እሳቸው «ስንት ሰዓት ትተኛለሽ ልጄ?» አሏት። ነገረቻቸው። ስግደት አላዘዙባትም። በሳምንት አንድ ሌሊት ሙሉ እንድትተኛ ነው ያዘዟት።

«ታዲያ ተኛሽ?»

«ማን ይዞልኝ? ቀኖናዬን ሳልፈጽም ነው ጀሪካኑ የጣለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ። ስቲቨን ዛሪት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1980 እ.ኤ.አ. የአስታማሚን ጫና የሚለካ መጠይቅ አውጥቷል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ባለ 22 ጥያቄው ነው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይመለሳል፤ ጣሪያው 88 ነው። ለራስሽ ጊዜ አጥተሻል ወይ፣ ጤናሽ ተጎድቷል ወይ፣ ከሰው ርቀሻል ወይ ዓይነት ጥያቄ ነው። ወደ አማርኛ መለስኩና አንድ ምሽት ጠየቅኳት። ሰባተኛው ላይ አስቆመችኝ። «ቁጥሩን ተወው። እስከዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለች። ስንት እንዳመጣች አልደመርኩም። የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሳልደምር የተውኩት ይኼን ብቻ ነው።

አሁን ምን ተለወጠ? የሚያስፈልግሽ ካለ ደውዪ ማለት አቁሜያለሁ። ያ አባባል ሥራውን መልሶ ለደከመው ሰው ነው የሚሰጠው። ምን እንደሚያስፈልጋት ማሰብ አለባት፣ ማንን እንደምትጠይቅ መምረጥ አለባት፣ ደውላ ማፈር አለባት። በእሱ ፋንታ ዓርብ ማታ እመጣለሁ። ዓርብ ሌሊት የኔ ነው። በራፉን ዘግታ ትተኛለች፤ 4፣ 6፣ 8፣ 10 ሰዓትን እኔ እነሳለሁ። ቅዳሜ እስከ ማታ እቆያለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፣ አልዋሽም። እሷም የታመመች እናት አለቻት፣ ጎንደር። «የኔንስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም በደንብ የለኝም።

ወንድማችን ገንዘቡን በሁለት ከፍሎ ይልካል፤ አንዱ ለእማዬ ነው፣ አንዱ በእህቴ ስም ባንክ ይገባል፣ ለእሷ ብቻ። ለማሳመን ሦስት ስልክ ፈጅቷል። «ለእናቷ ደመወዝ?» ያለው እሱም ነው። ጡረታዋን አነሳሁበት፣ ዝም አለ፣ ላከ።

አንድ ፊዚዮቴራፒስት ቤት ድረስ ከፍለን አስመጥተን ነበር። እማዬን ሠርቶ ሲጨርስ እህቴን ቆም አድርጎ አያት። «ስታነሺያት አሳዪኝ» አላት። አሳየችው። «ወገብሽን እየሰበርሽ ነው» አለ። አንሶላ በአራት አጥፎ ከእማዬ ዳሌ ሥር አስገባ። ሰውነቷን ሳይሆን አንሶላውን ለሁለት መሳብ፣ ጉልበት ማጠፍ፣ አልጋውን በብሎኬት ከፍ ማድረግ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከሆስፒታል ስንወጣ ይኼን ያሳየን ሰው አልነበረም። የመድኃኒት ወረቀት ሰጡን፣ ቀጠሮ ጻፉልን፣ አንድ ሙሉ ሰው አስረከቡን። ስልክ እንኳን ሲገዙ መመሪያ አለው።

ሁሉም ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። የጤና መድህን መታወቂያው ሕክምናውን ያግዛል፤ ዳይፐርን ግን አያውቀውም። ውሃው እንደድሮው ነው። የማክሰኞዋ ሴት ሁለት ጊዜ ቀርታለች፤ ልጇ ታሞባት። እህቴ ወደ ማስተማር መመለስ ትፈልጋለች፣ ለግማሽ ቀን እንኳን። እስካሁን እሺ ያላት ትምህርት ቤት የለም።

የመጀመሪያዋ ነፃ ቅዳሜ ትዝ ትለኛለች። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ተመለሰች። «የት ሄድሽ?» አልኳት። «ቃሊቲ።» «ምን ልታደርጊ?» «ምንም። ታክሲ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ወረድኩ፣ ሌላ ታክሲ ይዤ ተመለስኩ። የት እንደሚኬድ ረሳሁት።» ስቃ ነው የነገረችኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ እንቅልፍ ወስዷት ዋለች። በአምስተኛው የድሮ የሥራ ጓደኛዋን አገኘች።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መለኪያውን አውጥቼ ወደ እማዬ ተጠጋሁ። ክንዷን ሸሸች። «እንቢ» አለች። በግራ እጇ ወደ እህቴ ጠቆመች።

«ሐሙስ።»

ይኼኛውን እኔም ለየሁት። ማሰሪያውን እህቴ ክንድ ላይ አሰርኩ። 138 በ 86። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፣ በኔ መጥፎ ጽሕፈት፣ ከእማዬ መስመር በላይ። እህቴ እጅጌዋን መለሰች፣ ነጠላዋን አነሳች፣ «አጥሚቱ ምድጃው ላይ ነው» አለችና ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ጫማዋ ይሰማል። የት እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም።